ቤት ለእንግዳ

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት፥ ከብት አርቢው መንጋውን እየነዳ ወደ ደረቁ ከፍታ ይወጣል። ከወረታ ርቀን ሳለ በመሸብን ጊዜ ከእንዲህ ያለው አርቢ ደጅ ቆመን፥ «የእግዜር እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» አልን። «ቤት ለእንግዳ!» አለና፥ ስማችንን ሳይጠይቅ እግራችንን አሳጥቦ ወተት አጠጣን። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሩዝ ከገባ ወዲህ ግጦሹ እየጠበበ ስለ ሄደ፥ ያ ወተት የተረፈ አልነበረም። ሲነጋ ገንዘብ ብንዘረጋለት ግን አዘነብን።

ታዲያ ያልተከፈለ ውለታ ዕዳ አይደለምን? በእርግጥ ዕዳ ነው፤ ነገር ግን ላበደረን ሰው የሚመለስ አይደለም። ባለገንዘቡ ነገ ከደጃችን ቆሞ «አሳድሩኝ» የሚለው የማናውቀው መንገደኛ ነው። እርሱን በር ዘግተን ብንመልሰው፥ የጠጣነውን ወተት እንደ ሰረቅነው ይቈጠራል።