መደጋገም ሁሉ ልምምድ ነውን?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል የአገራችን ሰው። ትዕግሥትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቃል መቼም አይገኝም። ሆኖም ተረቱን ስንጠቅስ አንድ ነገር እንዘነጋለን። እንቁላሉን በእግሩ ያስኬደው የቀን ብዛት ብቻ አይደለም፤ የዶሮዋ ሙቀት አለበት፣ በውስጡም የተካሄደ ለውጥ አለ። ያልታቀፈ እንቁላል 21 ቀን ቢቀመጥ ያረጃል እንጂ አይራመድም። ለመሆኑ እኛስ «ልምምድ» እያልን ከምናሳልፋቸው ሰዓታት ስንቶቹ ያራምዱናል? ስንቶቹስ እንዲሁ ያስረጁናል?

ነገሩን ለማብራራት ጎልፍን እንውሰድ። ጨዋታው በአገራችን የጥቂቶች ቢሆንም ትምህርቱ ለሁላችንም ይሆናል። አንድ ተለማማጅ 100 ኳስ ከፊቱ ይደረድርና በአንድ ዱላ፣ ከአንድ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ይጣመማሉ፤ 30ኛው ላይ እጁ ይፍታታል፤ 80ኛው እንደ ቀስት ይወነጨፋል። ሰውየውም «ዛሬስ ሠራሁ» ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዋናው ጨዋታ ግን ሌላ ነው። 18 ጉድጓድ፣ እስከ 14 ዱላ፣ አንዴ ሣር አንዴ አሸዋ፣ አንዴ ዳገት አንዴ ቁልቁለት። እያንዳንዱ ምት የራሱን ዱላና የራሱን ስሌት ይጠይቃል፤ ከተሳሳተም ይቆጠራል። «ልድገመው» ማለት የለም።

ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ይህን መሰል ጉዳይ ፈትሸዋል። ተለማማጆች ሦስት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ እንዲማሩ ተደረገ። ገሚሶቹ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አለፉ፤ ገሚሶቹ ሦስቱን እያቀላቀሉ ሠሩ። በልምምዱ ሰዓት የበለጡት የደጋገሙት ነበሩ። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ብልጫው የአቀላቃዮቹ ሆነ። ልብ በሉ! በልምምድ ላይ ደካማ መስሎ የታየው ነው ትምህርቱን ይዞት የተገኘው።

የቅኔ መምህሮቻችን ሥርዓትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ዳዊትና ድጓ በመደጋገም ይጸናሉ። የቅኔ ተማሪ ግን ትናንት ያቀረበውን ዛሬ መልሶ ማቅረብ አይችልም። ቅኔ ቆጠራ ወጥቶ ከዛፍ ሥር ብቻውን ሲጨነቅ ይውልና አዲስ ቅኔ ይዞ ከየኔታ ፊት ይቆማል። ቤቱ ያልመታ፣ ምሥጢሩ ያልሰመረ እንደሆነ እዚያው ይታረማል። ነገ ደግሞ እንደገና ከባዶ ይጀምራል። ይህ አእምሮን ብቻ ሳይሆን ኩራትንም የሚያርቅ ትምህርት ነው።

ጉዳዩ ከሜዳ ወጥቶ የኅሊና ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የምንችለውን መደጋገም ያስደስታል፤ ራሳችንን እናደንቅበታለንና። የማይሆንልንን መሞከር ግን ድክመታችንን ፊት ለፊት ያሳየናል። በእርግጥ መደጋገም አይናቅም፤ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ያለ እርሱ አይሆንለትም። ከሥራ መልስ ድካሙን ለማራገፍ ኳስ የሚመታ ሰውም መብቱ ነው። ችግሩ መዝናናቱን «ልምምድ» ብሎ ሲጠራውና ራሱን ሲያታልል ነው።

ደግሞም ለብቻ የማይለመድ ችሎታ አለ። ለዚህ ምሳሌው ወደ ምዕራብ፣ ከመንዲ ወደ አሶሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በባምባሲ አካባቢ ይገኛል። በዚያ ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ የሆኑት በርታዎች ዋዛ የሚባል፣ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት አላቸው። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ቀልድ ይምሰል እንጂ ሥራው የዋዛ አይደለም። መለከቶቹ መጠናቸው ይለያያል፤ የእያንዳንዱ ነፊ ድርሻም አንዲት ድምፅ ናት። ዜማው የሚወለደው እያንዳንዱ ድምፁን በሌሎቹ መካከል በተራው ሲያስገባ ነው። ታዲያ ነፊው ከቤቱ ተቀምጦ ያችኑ ድምፅ 1,000 ጊዜ ቢነፋት ምን ይረባዋል? መቼ መንፋት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚማረው ሌሎቹን እያዳመጠ ነው።

ደግነትና ትዕግሥትም እንዲሁ ናቸው። አርስቶትል ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ነው ብሎ አስተምሯል። ነገር ግን ከወንድሙና ከወዳጁ ጋር ብቻ ትዕግሥተኛ የሆነ ሰው፣ በአንድ ዱላ 100 ኳስ ከሚመታው በምን ይለያል? ባምባሲ በርታው፣ ማኦው፣ ኦሮሞው፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎ የመጣውም የሚኖሩባት ምድር ናት። ቋንቋው ከእኛ ቋንቋ የተለየውን ጎረቤት እስኪጨርስ ማዳመጥ፣ በክርክር ላይ የራስን ተራ መጠበቅ፣ ለማያውቁት ሰው እውነቱን መፍረድ ከባዱ ልምምድ ነው። በክፉ ቀን የሚያስፈልገንም ይኸው ነው፤ ያን ዕለት «ልድገመው» ማለት አይቻልምና።

እንግዲህ ከልምምድ የሚመለስ ሰው ስንት እንደ መታ ከመቁጠሩ በፊት ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ «ዛሬ ፈርቼ የተውኩት የቱን ነው?» መልሱን ካገኘ የነገ ሥራው እርሱ ነው።