ምናኔና የሥጋ ዝምድና፦ የክሌርቮው በርናርድ ቤተሰብ

በርናርድ እ.ኤ.አ. በ1090 በፈረንሳይ ዲዦን ከተማ አጠገብ ከባላባት ቤት ተወለደ። አባቱ ቴስለን የቡርጎኝ መስፍን ባለሟል፣ እናቱ አሌት የሞንባር ጌቶች ልጅ ነበሩ። አምስት ወንድሞችና አንዲት እኅት ነበሩት።

በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ወደ ሲቶ ገዳም ሲገባ አጎቱንና ወንድሞቹን ጨምሮ ሠላሳ ያህል ሰዎች አስከተለ። ባለትዳር የነበረው ታላቁ ወንድሙ ጊ ሳይቀር መነነ፤ ሚስቱም ገዳም ገባች። በ1115 በርናርድ የክሌርቮ ገዳም የመጀመሪያው አበምኔት ሆነ። ትንሹ ወንድሙ ኒቫርና አረጋዊው አባቱም ዘግይተው ተከተሉት።

ወንጌል ከክርስቶስ ይልቅ አባትና እናትን መውደድን ይነቅፋል፤ ትእዛዛቱ ደግሞ ወላጆችን ማክበርን ያዛሉ። ታዲያ የመነነ ሰው ዘመዱን እንዴት ይውደድ? እኅቱ ኡምብሊን አጊጣና በአጃቢ ተከብባ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ በርናርድ መጀመሪያ ሊያያት እንዳልፈቀደ ገድሉ ይተርካል። ኋላ እርሷም መነኮሰች።

በ1138 የገዳሙ መጋቢ የነበረው ወንድሙ ዤራር ሲሞት ግን ነገሩ ተለየ። በርናርድ በቀብሩ ላይ እንባውን ዋጠ። በኋላ መኃልየ መኃልይን ለመነኮሳቱ ሲተረጉም ስብከቱን አቋርጦ አለቀሰ። ኢየሱስም ለአልዓዛር እንዳለቀሰ አስታውሶ፣ ሐዘኑ የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ አስረዳ።

መልሱም ይኸው ነው፦ ምናኔ ፍቅርን ከርስትና ከክብር ያላቅቃል፤ ወንድምን መውደድ ግን አይከለክልም።