ሚጥሚጣውን መልሱት

ልጆቼ፣ ጣቱን የሚጠባ ልጅ ያላችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እማማ፣ ምን ልቀባው?» አንዷ እሬት አስባለች፣ ሌላዋ ቃሪያ፣ ነገሩ ያንገሸገሻት ደግሞ ሚጥሚጣ በጥብጣ ጨርሳለች። የእሬቱ ሐሳብ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉ ይቀቡት ነበር። ጡት ግን ከእናት ጋር ወጥቶ ይገባል፣ ጣት ከልጁ ጋር ያድራል። ምሬቱን ልሶ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ይጠባዋል። ሚጥሚጣ የተቀባ ጣት ደግሞ አፍ ላይ አይቆምም። እንቅልፉ የመጣ ሕፃን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ዓይኑን ያሻል። በእኩለ ሌሊት ዓይኑ የሚቃጠል ልጅ አቅፋችሁ ውሃ ስታፈሱበት ከምታድሩ፣ ሚጥሚጣውን አሁኑኑ ወደ ጓዳ መልሱት።

ሞግዚቷንም አትውቀሱ። «ማን አስለመደው?» የሚባለው ነገር አይገባኝም፤ ልጁ ይዞት ነው የተወለደው። ፅንስ በእናቱ ማኅፀን ውስጥ ጣቱን ሲጠባ በአልትራሳውንድ ይታያል። ቤልፋስት በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ሄፐርና ባልደረቦቹ በማኅፀን ሳሉ ሲጠቡ የታዩ 75 ልጆችን ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሞላቸው መልሰው አዩአቸው፤ ውጤቱን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ቀኝ አውራ ጣታቸውን ይጠቡ የነበሩት 60ዎቹ በሙሉ በቀኝ እጃቸው የሚሠሩ ሆነዋል። ግራውን ይጠቡ ከነበሩት 15 ልጆች 10ሩ ግራኞች ናቸው። ገና ሳይወለድ የጀመረውን ነገር ሠራተኛዋ አስተማረችው ማለት ግፍ ነው።

እንግዲህ ዕድሜውን ተመልከቱ። አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ውስጥ በራሳቸው ይተዉታል። እስከዚያ የእናንተ ሥራ ጥፍሩን በአጭሩ መቁረጥና እጁን በሳሙና ማጠብ ነው። አፈር ሲጫወት ለሚውል ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የወስፋት እንቁላል የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ያም ሆኖ መርዝ እንደዋጠ አትደንግጡ። በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ይገርማል፤ በልጅነታቸው ጣት ከሚጠቡት ወይም ጥፍር ከሚበሉት መካከል በ13 ዓመታቸው በቆዳ ምርመራ አለርጂ የታየባቸው 38 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ 49 በመቶ ነበሩ። ይህን ሰምታችሁ ደግሞ አስጠቡት አላልኩም። የዱነዲን ግቢና የእኛ ግቢ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ሳምንት ምንም ሳትናገሩ ልጁን አጥኑት። መቼ ነው ጣቱ አፉ የሚገባው? ቴሌቪዥን ፊት ነው? ሲርበው ነው? እናቱ ቦርሳዋን ስታነሳ ነው? አንዳንዱ ልጅ መጥባት ብቻ አይበቃውም፤ ቀኝ አውራ ጣቱ አፉ ውስጥ፣ ሌባ ጣቱ አፍንጫው ላይ፣ ግራ እጁ ደግሞ የእናቱን ነጠላ ጥለት ያሻል፤ ወይም የጆሮዋን ጫፍ። ጥለቱን ሲያጣ ጣቱንም የሚረሳ አለ። ይህን ያየች እናት ከጣቱ ጋር ሳትታገል ነጠላውን ታጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስገባለች።

ለየሰዓቱ መላው ይለያያል። ቴሌቪዥን ፊት የሚጠባው እጁ ሥራ ስለፈታ ነው፤ ሊጥ ስታቦኩ ቁራሽ ሰጥታችሁ ያድቦልቡል። ሲተኛ የሚጠባው ላይ አትቸኩሉ፤ የእንቅልፍ ሰዓቱ መጥባት ከሁሉም በኋላ የሚለቅ ነው። ታናሽ ሲወለድ እንደ አዲስ የጀመረ ልጅ ጣቱን ሳይሆን እቅፋችሁን ነው የፈለገው። ከወሊድ በኋላ ያለው የ90 ቀን ፈቃድ አልቆ ወደ ሥራ የተመለሳችሁም ይህን ታዩታላችሁ። እናቱ አረብ አገር የሄደችበትን ልጅ የምታሳድጉ አያቶችና አክስቶች ደግሞ ሲመሽ ልብ በሉ። ስልኳን ከተቻለ ከመኝታው በፊት ብትደውል፣ ድምፅዋን ሰምቶ ቢተኛ፣ ከእሬት ይሻለዋል።

መሳደብና ማሸማቀቅ አይሆንም። «ትልቅ ሰው ሆነህ!» «እቆርጠዋለሁ!» የሚለው ማስፈራሪያ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፍራንክፈርታዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው የልጆች መጽሐፍ አንድ ልብስ ሰፊ የሚጠባውን ልጅ ሁለቱንም አውራ ጣቶች በመቀስ ይቆርጣል። ሐኪም ሆኖ! የተሸማቀቀ ልጅ አይተውም፤ ከሶፋው ጀርባ ሄዶ ይጠባል።

4 ዓመት ካለፈው ግን እናንተም ተነሱ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይወጣሉ፤ ከዚያ በፊት ከተወ የተበላሸው ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። ጥርስን የሚገፋው የሰዓቱ ብዛትና የመጥባቱ ኃይል ነው። ጣቱን አፉ ውስጥ አሳርፎ ከሚቀመጥ ይልቅ ጉንጩ እስኪጎደጉድ የሚስበው፣ ሲያወጣው ድምፅ የሚያሰማው ያሳስባል። ጥርሱን አስነክሳችሁ እዩ። የኋላዎቹ ገጥመው ሳለ ከፊት ክፍተት ከቀረ፣ ወይም የላይኞቹ ወደ ውጭ ወጥተው ገጣጣ እየሆነ ከመጣ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የምታስተዉት ከልጁ ጋር ተመካክራችሁ ነው። «ልርዳህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እሺ ካለ ጣቱ ላይ ፕላስተር፣ ሌሊት እጁ ላይ ካልሲ ታደርጋላችሁ። ሳይጠባ የዋለበትን ቀን ግድግዳ ላይ ባለው ካሌንደር ራሱ ምልክት ያድርግበት። ሲያመልጠው አትቁጠሩበት። ይህ ሁሉ አልሆን ካለ ሐኪሙ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ የሚታሰር ሽቦ ሊያደርግለት ይችላል፤ ቅጣት እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት።

እኛን ትልልቆቹንም ጠብቁን። በበዓል ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት «ኧረ ይሄ ልጅ አሁንም ይጠባል!» የምንል እኛ ነን፤ እጁን ከአፉ የምንነጥቅም እኛው ነን። «እማማ፣ ይተዉልኝ፣ እኔና እሱ ተነጋግረናል» በሉን። ቅር ይለን ይሆናል። ቡናው እስኪቀርብ ነው።