የመሪጌታውና የገበሬው ክንድ

በእስቴ መካነ ኢየሱስ አንድ መሪጌታና አንድ ገበሬ ነበሩ። መሪጌታው ጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ ጎንደር በአታ አቋቋም ያስመሰከሩ ናቸው። ገበሬው ደግሞ እርፍ በመጨበጥ ከአገሩ ሰው የሚስተካከለው አልነበረም። አንድ ዓመት በሰኔ መሪጌታውን በቅሎ ጣለቻቸው፤ ገበሬው ከዛፍ ወደቀ። የሁለቱም የቀኝ ትከሻ ጅማት ተበጠሰ። ወጌሻ አሽቶ ሲያቅተው ባሕር ዳር ወርደው በቀዶ ሕክምና ተጠገኑ። ክንዳቸው በማንገቻ ታስሮ 6 ሳምንት እንዲያርፍ ታዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ማንገቻው ሲወልቅ መሪጌታው ፈሩ። ጅማቱ ዳግም የሚበጠስ እየመሰላቸው ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ይውላሉ። ተማሪዎቻቸው ስለሚወዷቸው ያጎርሷቸዋል፣ ነጠላ ያለብሷቸዋል፣ መጽሐፍ ይገልጡላቸዋል። በፍቅር የተደረገው ሁሉ ትከሻቸውን አደረቀው።

ገበሬው የታዘዘውን እንቅስቃሴ አንድም ቀን አላስታጎለም። ክንዱን ሲያነሣ ግን ልቡ ድንበር ከገፋበት ጎረቤቱ ጋር ይሟገታል። ክንዱ የተነሣ ይመስለዋል፤ የሚነሣው ትከሻው ነው፣ ወደ ጆሮው። በትጋቱ ስሕተቱን ሲያጠነክር ከረመ።

ሁለቱም ደብረ ታቦር ከአንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ቀረቡ።

«የኔታ፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከበሮ ያሸክሙታል?» አለቻቸው።

«እንዴት ተደርጎ ልጄ! አስቀድሞ ቁም ዜማውን ያጠናል። ከዚያ መቋሚያ ይዞ ይዘማል። መረግዱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ጽፋቱ በመጨረሻ።»

«እንግዲያው ክንድዎም ተማሪ ነው። ሐኪሙ የሰፋው ጅማቱን ነው። ክንድ ለሳምንታት ሲታሰር የሚያዘው አንጎልም ልማዱን ያጣል፤ ሕመም የለመደ አንጎል ቁስሉ ከዳነ በኋላም ‹ተው!› ይላል። ክንዱንና አንጎሉን አብረን እናስተምራቸዋለን።»

መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኝ እጃቸው ከበሮ ሲመታ በልባቸው እንዲያዩ አዘዘቻቸው። እንቅስቃሴን በሐሳብ መከወን፣ እንቅስቃሴውን ራሱን ከሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ብዙዎቹን ያነቃልና። ይህ ቁም ዜማው ሆነ። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ክንዳቸው ተንጠልጥሎ በዝግታ እንዲወዛወዝ፣ ከዚያም መቋሚያቸውን በሁለት እጅ ይዘው ጤነኛው ክንድ የታመመውን እየደገፈ እንዲያነሣው አደረገች። ይህ ዝማሜው ነው። ክንዱ በራሱ አቅም መነሣት ሲጀምር መረግድ ላይ ደረሱ። ጽፋቱን፣ ክብደት ማንሣቱን፣ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 12 ሳምንት ሞልቶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አቆየችው።

ገበሬውን ክንዱን ሲያነሣ ምን እንደሚያስብ ጠይቃው መስታወት ፊት አቆመችው። «ጋሼ፣ ድንበሩን ለጊዜው ይተዉትና ትከሻዎን ይዩ።» ትከሻው ሳይሰቀል ክንዱን ማንሣት ሲለምድ ሌላ ሥራ ጨመረችለት፤ እያነሣ ከ100 ጀምሮ ሦስት ሦስት እየቀነሰ እንዲቆጥር። «ሲያርሱ ዓይንዎ ትልሙ ላይ ነው፣ አፍዎ በሬዎቹን ይጠራል፤ ክንድዎን የሚጠብቅ ልብ አይተርፍዎትም። ስለዚህ መጀመሪያ በሙሉ ልብ፣ ቀጥሎ ልብ በሌላ ሥራ ተይዞም በትክክል መነሣትን ይማር» አለችው።

መካነ ኢየሱስ ሲመለሱ ሁለቱ በየማለዳው ተገናኝተው ይሠሩ ጀመር። ገበሬው ሲዘናጋ መሪጌታው «ትከሻህ ወጣ!» ይሉታል፤ እሳቸው ሲፈሩ እሱ «አይዞዎት የኔታ፣ የተፈቀደልዎት እስከዚህ ድረስ ነው» ይላቸዋል። ተማሪዎቹም ማጉረሱን እንዲተዉ ታዘዙ። ለጥምቀት መሪጌታው ከበሮ አነገቱ፤ ክንዳቸው እንደ ቀድሞው ከራሳቸው በላይ ባይዘልቅም ለመረግዱ በቃ። ገበሬውም በክረምቱ መግቢያ እርፍ ጨበጠ።

ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ወገን ቤታችሁ ካለ አጉርሳችሁ አታስተኙት፤ «በርታ» ብላችሁም ብቻውን አትተዉት። ባለሙያው የፈቀደለትን ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ክንዱን ሲያነሣ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት። ጅማቱን ሐኪም ሰፍቶለታል፤ እጁ የሚሠራውን ልቡ እንዲከተል መርዳት ግን የቤተሰብና የጎረቤት ድርሻ ነው።