ደረሰኙን ሙቀት ሳይበላው

ልጄ፣ ቅዳሜ ማታ ማንጎው ሥር ወንበር ስበህ ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ዝም ያልኩህ መልስ አጥቼ አይደለም። ሙቀቱ አድክሞኝ ነበር፤ ደግሞ አንተ ስትቆጣ የሚነግሩህ አይገባህም። አሁን ረጋ ብለህ አንብበው።

«ግብር ይቆረጣል፣ ጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሁን ደግሞ ለጤና መድህን 3 በመቶ ሊሉኝ ነው፤ ለየትኛው መድኃኒት?» አልክ። ይህን ያልከው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አንተ ገና ኳስ ስታባርር ነበር። ተከትሎት የወጣው ደንብ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው ሌላ 3 በመቶ፣ ከጡረተኛው 1 በመቶ አለ። ከዚያ በኋላ ይጀመራል እየተባለ ስንቴ እንደተገፋ! በየአዳራሹ ለውይይት የተጠራው መምህርና የቢሮ ሠራተኛ «ደመወዙ ለወር አይደርስም፤ መጀመሪያ ሆስፒታሉን አስተካክሉ» እያለ ተመለሰ። በሁለተኛው ነጥብ ሠራተኛው አልተሳሳተም ባይ ነኝ። በመጀመሪያውም ቢሆን፣ ደመወዝህ 6,000 ብር ቢሆን በወር 180 ብር ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ነው የሚልህን ሰው አትመነው፣ የእሱ ደመወዝ ሌላ ነው።

እኔ እንደምታውቀው የተሁለደሬ ሰው ነኝ። በ77 ድርቅ አባቴ ከሰፋሪው ጋር ይዞኝ ወደ ጋምቤላ ሲመጣ ታላቅ እህቴ ሐይቅ አጠገብ ቀረች። በ2003 ዓ.ም. ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የእሷ ወረዳ አንዱ ነበር። ይሄኛው ደመወዝ ለሌለው፣ ለገበሬውና ለጉልት ቸርቻሪው ነው። ያኔ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት 144 ብር ነበር፣ በወር ቢመነዘር 12 ብር። በስልክ «ሳልታመም የምከፍለው ምን በልቼ ነው? ካልታመምኩ ዓመቱ ሲያልቅ ይመልሱልኛል?» ስትለኝ ሳቅሁባት። «ቅሬውስ ሰው ስላልሞተብሽ ብሩን መልሶልሽ ያውቃል?» አልኳት። በኛ አገር እድሩን ቅሬ ነው የምንለው።

እሷ ግን ብልጥ ነች። «የቅሬው ድንኳን ይታየኛል፤ የዚህ ድንኳን የት ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ሳስበው ድንኳኑ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ነው። ሞልቶ ካየው ሰው ይከፍላል፣ ባዶውን ካየ ይሸሻል። ሽሽቱ ደግሞ ራሱ መደርደሪያውን ያራቁተዋል። «አምና አልታመምኩም» ያለው ጤነኛ የመድህን ካርዱን ሳያሳድስ ይቀራል፣ ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት ግን ቀድሞ ይሰለፋል። ከፋዩ ሲያንስና ታካሚው ሲበዛ ገንዘቡ ከዓመቱ ቀድሞ ያልቃል። ጤና ጣቢያው ያከመበት ሳይከፈለው ሲቀር በምን መድኃኒት ይገዛል? በግድ ይሁን የሚሉት ሰዎች ክርክራቸው ይሄ ነው፤ ክፋት ብቻ አድርገህ አትየው።

እኔም ከነዚያ «ደህና ነኝ» ባዮች አንዱ ነበርኩ። ካቻምና የማሳደሻው ጊዜ እያየሁት አለፈ። መስከረም ላይ ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ወደቀች፤ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፣ ሪፈር ተጻፈ። ለአስታማሚ ምግብና መኝታ መድህኑ ቢኖርም አይከፍልልኝም ነበር፤ ለቀዶ ሕክምናው ግን ሲንጀሬን ለጓደኛዬ አስያዝኩ። ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን አስይዞ በምን ይሠራል? አምስት ወር በሰው መኪና ስሰፋ ከረምኩ። የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና፣ ክትባቱም በነጻ ነው ብለኸኛል፤ ልክ ነህ። እኔን ሲንጀር ያስያዘኝ ግን ቲቢ አልነበረም።

በዓመቱ፣ ማሳደሻው በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ሄጄ ከፈልኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ አንተ የተቆጣህበት ነገር ደረሰብኝ፦ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ»። ገዛሁ። ደረሰኙን አጥፌ ከካርዱ ጋር ላስቲክ ውስጥ ከትቼ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ አኖርኩት። የጋምቤላን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ የመሣሪያ ደረሰኝ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ገንዘቡ ይመለስልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ስሄድ ላስቲኩን ከፈትኩት፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል፣ አንድ ቁጥር አይነበብም። ጸሐፊዋ አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። እኔም ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ማታ ባለቤቴ ሄዳ ለምና አመጣችው።

ስለዚህ የምመክርህ ይሄን ነው። ደረሰኝ ስትቀበል እዚያው ቆመህ ፎቶ አንሳው። ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ እንደሌለ አስጽፈህ ማኅተም አስመታበት። ብሩ ተመለሰልህም አልተመለሰልህም ወረቀቱ ይኑርህ። አምና እኔና ስድስት ጎረቤቶቼ እንዲህ ያለ ማዘዣ አሰባሰብን፤ 11 ሆነ። ስብሰባ ላይ «መድኃኒት የለም» ብሎ መጮህ የተለመደ ወሬ ነው፤ ሰብሳቢው ፊት 11 ማዘዣ ሲደረደር ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ መነጽሩን አውጥቶ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። ያልከፈለ ሰው ይህን ቢያደርግ «አንተ ምን አገባህ?» ይሉት ነበር። እኔን አላሉኝም።

ደግሞም ጤና ጣቢያውን ዘለህ በቀጥታ ሆስፒታል አትሂድ፤ ሪፈር ከሌለህ ከኪስህ ታወጣለህ።

አንድ ነገር ግን አንተ ሳትለኝ እኔው ልናገር። ይህ መድህን ሲታሰብ የጋምቤላ ቤት የታየ አይመስለኝም። ካርዱ ባል፣ ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብሎ ይቆጥራል። በእናትህ ቤት ግን ከኢታንግ ለትምህርት የመጣው የአጎትህ ልጅ አለ፣ ከአቦቦ የመጣችው አለች፣ ባሮ ሲሞላ የሚመጡት ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ማን ልጅ ነው፣ ማን እንግዳ? ለተጨማሪው ሰው ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል፤ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ብዙ ይከፍላል ማለት ነው። መሰብሰቢያው ጊዜም የደጋው ገበሬ እህሉን ከወቃ በኋላ ተብሎ የታሰበ ነው፤ ዓሣ አጥማጁና ወንዝ ዳር በቆሎ የሚዘራው ብር የሚይዘው በሌላ ወር ነው። አንተ ተምረሃል፣ ይህን ጽፈህ አቅርብ። «አንከፍልም» ከማለት ይህ ይከብዳቸዋል።

ስለ ደመወዝህ 3 በመቶ ቁርጡ ሲታወቅ እንነጋገራለን። አሁን የእናትህ ካርድ ይቅደም። የአጎትህ ልጅ በመጋቢት 18 ዓመት ይሞላዋል ብለኸኛል። ለብቻው ይከፈልለት እንደሆነ ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄደህ ጠይቅ፣ ከረፋዱ በኋላ ሰልፉ ፀሐይ ላይ ነው። የእናትህን መታወቂያ መያዝ እንዳትረሳ፤ እኔን በዚያ መልሰውኛል።