የገመና ወሰን

ገመናን መሸፈን ከአባቶቻችን ከወረስናቸው የምግባር ሕጎች አንዱ ነው። የቤቱን ምሥጢር አደባባይ የሚያወጣ ሰው በወገኑ ዘንድ ክብር የለውም። ሕክምናን በባዕድ አገር ተምሬ ዕድሜዬን በስደት ባሳልፍም ይህን ሕግ አልናቅሁትም። ይሁን እንጂ «ገመና ወሰን የለውምን?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲሞግተኝ ኖሯል።

ጥያቄውን ያስነሣብኝ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ይይዛል፤ በብሌኑ ውስጥ በሚታይ ነጭ ነጸብራቅም ይታወቃል። በጊዜ ከተደረሰበት ሕይወትን፣ ብዙ ጊዜም ዓይንን ማትረፍ ይቻላል። ከሕሙማኑ 40 በመቶ ያህሉ በዘር የሚተላለፈው ዓይነት አለባቸው፤ ይህ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው።

በስደት ከማውቃቸው ወገኖቼ መካከል የሁለት ዓመት ልጃቸው በዚህ ደዌ መያዙ የተነገራቸው ባልና ሚስት ነበሩ። አባትየው አንድ ዓይኑን ያጣው በሕፃንነቱ ነው። እናቱ «እሾህ ወግቶህ ነው» እያሉ አሳድገውታል፤ እርሱም አምኖ ኖሯል። የልጁ ሕመም ከታወቀ በኋላ አገር ቤት ያሉት አክስቱ በስልክ ሲጠየቁ ግን ዓይኑ በዕጢ ምክንያት በቀዶ ሕክምና የወጣ መሆኑን ተናገሩ። ያ የእሾህ ታሪክ ባይኖር ኖሮ ሕፃኑ ገና እንደ ተወለደ ዓይኑ በተመረመረ ነበር።

አያቲቱን ለመኰነን አልደፍርም። «በዘራቸው አለ» ከተባለ ሴት ልጆቻቸውን የሚያገባ እንደማይገኝ ያውቁ ነበር። የደዌው ዘረመል ተለይቶ የታወቀውም ገና በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ዝምታቸው የሚጎዳው ሰው አልታያቸውም።

አሁን ግን የሕፃኑ እናት «ለልጃችንም አደጋ ነው ብንለውስ፣ ዶክተር?» አለችኝ። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ዝምታዎች አንድ አይደሉም፤ አያቲቱ ዝም ያሉት ሳያውቁ ነው፣ እኛ ዝም የምንለው ግን እያወቅን ነው። ይህ ልጅ ከዓይኑ ቢድንም በኋለኛው ዕድሜው ለሌሎች ካንሰሮች፣ ለምሳሌ ለአጥንት ካንሰር፣ የተጋለጠ ስለሆነ ክትትል ያሻዋል። አንድ ቀንም አባት ይሆን ይሆናል።

እንግዲህ ገመና የባለቤቱ ምሥጢር ከሆነ የዚህ ምሥጢር ባለቤት ማን ነው? በልጁ አካል ያለው እውነት የልጁ ነው። ወላጆቹ እስኪያድግ በአደራ ይጠብቁለታል እንጂ የራሳቸው አያደርጉትም። ለዕድሜው በሚመጥን ቃል፣ ጥቂት በጥቂት፣ ሊነገረው ይገባል። ወንድሞቹና እኅቶቹም በጊዜ መመርመር አለባቸው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነንና ያንኑ ቆጠራ የዘመድን ልጅ ዓይን ለማዳን ብናውለው ከባህላችን አልወጣንም።

ለጎረቤት ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ ለልጅ ዝም ማለት ግን አደራ መብላት ነው።