የእባቡ ቤት ለማን ያምራል?

በሙኑኪ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ጓሮው ሌላ ጓሮ ነው። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ነዋሪውን ያስወጣል፤ አይጥ ወደ ጓዳ፣ እንቁራሪት ወደ በረንዳ፣ እነርሱንም ተከትሎ እባብ ወደ ሰው ደጅ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ረጅም እንጨት ያነሣል፣ ሕፃናት ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። እባቡ መርዛም ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም፤ ለጥያቄው ጊዜ የለምና። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ የሚተርት ሕዝብ ለራሱ ለእባቡ የሚተርፍ ርኅራኄ ከየት ያመጣል?

በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ ሰዎች ለእባብ ቤት ይሠራሉ። መሥራት ብቻም አይደለም፤ ያስጌጡታል። በሰሜን አሜሪካ «ጋርተር» የሚባል ቀጭን እባብ አለ። ስሙን ያገኘው በቀድሞ ዘመን ወንዶች ካልሲያቸውን ከሚያስሩበት ባለመስመር ጥብጣብ ነው። ከካናዳ እስከ መካከለኛው አሜሪካ የተሠራጩ ከ30 በላይ ዝርያዎች አሉት። በቀን ይንቀሳቀሳል፣ ትልና እንቁራሪት ይበላል፣ እንቁላል ሳይጥል ልጆቹን ይወልዳል፣ ለሰውም አደገኛ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በየሣሩ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ በልጅነቷ እባብ በድንጋይ ሲቀጠቀጥ እያየች ያደገች እናት፣ እዚያ የተወለደ ልጇ አንድ ቀን «ይህን እናሳድገው» ቢላት ምን ትመልስለታለች?

እሺ ብትለው የሚከተለው ሥራ ቀላል አይደለም። የመስታወት ሣጥን ይገዛል። ጋርተር በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ በመውጣት የታወቀ ነውና ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ መሆን አለበት። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ስለሆነ የሣጥኑ አንድ ጫፍ በአምፖል 30 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይላል፤ መካከሉን እባቡ ራሱ ይመርጣል። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ ያሻል፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ እንስሳው ሙቀትንና ደኅንነትን እንዲያማርጥ ይገደዳል። ውኃ ይወዳል፤ ነገር ግን ወለሉ ሁልጊዜ ርጥብ ከሆነ ቆዳው ይቆስላል። ምግቡም ዕውቀት ይጠይቃል፦ በቀላሉ የሚገኘውን ወርቃማ ዓሣ ብቻ ያበላ ሰው ሳያውቀው ያሳምመዋል፤ በዚያ ዓሣ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቢ1 የተባለውን ቫይታሚን ያጠፋልና።

እስከዚህ ያለው ለእባቡ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይገባል። የተጣመመ ግንድ፣ የተመረጠ ድንጋይ፣ ሐረግ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የሚለጠፍ የጫካ ሥዕል። ግንዱ ለመውጫ፣ ሐረጉም ለመሸሸጊያ ያገለግላል ይባል። ሥዕሉ ግን ለማን ነው? እባብ ዓለምን ከሁሉ በላይ የሚያውቃት በምላሱ ነው። ምላሱን ባወጣና በመለሰ ቁጥር የአየሩንና የመሬቱን ሽታ ወደ ላንቃው ወስዶ ይመረምራል፤ መንገዱን፣ ጓደኛውን፣ ምግቡንና ጠላቱን የሚለየው በዚያ ነው። የወረቀት ጫካ አይሸትም። ከዚህ የባሰም አለ፦ ባለቤቱ ሣጥኑ እንዲያምር ብሎ ሁሉን ነገር በሳሙና አጥቦ ሲመልሰው፣ ለዓይኑ ያማረው ቤት ለእባቡ ካርታው የተፋቀበት ባዕድ አገር ይሆናል። ንጽሕና አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የሰው «አማረ» እና የእባብ «ተመቸ» አንድ አለመሆናቸው ግን እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህ ልዩነት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ጀርመናዊው የአራዊት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ እ.ኤ.አ. በ1907 ሐምቡርግ አጠገብ በከፈተው የአራዊት መናፈሻ የብረት ፍርግርጉን አስወግዶ በቦይና በሰው ሠራሽ ቋጥኝ ተካው። ተመልካቹ አንበሳውን በዱሩ ያለ መስሎት ተደነቀ። ለእንስሳቱም የተሻለ ነበር። ይሁንና ይኸው ሰው ቀደም ሲል በ1870ዎቹ ከሱዳን ምድር «ኑቢያውያን» ብሎ የሰየማቸውን ሰዎች ከእንስሳቶቻቸውና ከዕቃዎቻቸው ጋር ወደ አውሮፓ ወስዶ ለትርኢት አቁሟቸው ነበር። ሰዎቹ «እንደ አገራቸው» ሆነው እንዲታዩ ነበር የተፈለገው። በጁባ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው «ተፈጥሮን የመሰለ ማደሪያ» የሚለውን ሐረግ ሲሰማ ጥቂት ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የማስመሰሉ ጥበብ የተወለደው በመጀመሪያ ለተመልካቹ ነውና።

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመውን የአንበሳ ግቢ የጎበኘ ሁሉ የጠባቡን ክፍልና የብረቱን ፍርግርግ ያስታውሳል። ስለ እነዚያ አንበሶች ብዙ ወቀሳ ተሰምቷል፤ ትክክልም ነበር። ነገር ግን ብረቱ ቢያንስ አይዋሽም ነበር። እስር ቤቱ እስር ቤት ይመስል ስለነበር ሕፃን እንኳ «ለምን ታሰረ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያጌጠው መስታወት ያንን ጥያቄ ያስረሳል።

ስዊሳዊው የአራዊት ሊቅ ሃይኒ ሄዲገር በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሌላ ወገን አየው። በእርሱ አስተሳሰብ የዱር እንስሳም እንደ ልቡ የሚዞር ነጻ ፍጡር አይደለም፤ በክልሉ፣ በጠላቱና በምግቡ የታጠረ ነው። ስለዚህ ዋናው የቦታው ስፋት ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነገር ነው። ይህ ክርክር ኃይል አለው። ዱሩ ገነት አይደለም። በካናዳ ማኒቶባ ናርሲስ በተባለው ስፍራ በየጸደዩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጋርተሮች ከክረምት ዋሻቸው ይወጣሉ፤ በመኪና ጎማ የሚያልቁት እጅግ ስለበዙ ከአውራ ጎዳናው ሥር መሿለኪያ እስከ መሥራት ተደርሷል። በሣጥን ያለው እባብ ጭልፊት አያየውም፣ መኪና አይደፈጥጠውም፣ አይራብም።

ይሁን እንጂ «በሌላ ቦታ ይሞት ነበር» የሚለው ማስረጃ ለአሳሪ ሁሉ ይመቻል። የጎደለውን ማየት ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሣጥኑ እባቡ በሙሉ ቁመቱ የሚዘረጋበት መሆን አለበት ወይስ የለበትም የሚለው በአውሮፓ ብርቱ ክርክር ሆኗል፤ በሙሉ ቁመት መዘርጋት እንደ ቅንጦት መቆጠሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። በ2020 ደግሞ የታተመ፣ በካናዳ የተደረገ ጥናት ጋርተሮች ከሌሎች ጋርተሮች ጋር መሆንን እንደሚመርጡ፣ ያውም ከማንም ጋር ሳይሆን ከለመዱት ጋር እንደሚሰባሰቡ አሳይቷል። ብቻውን ተጠምጥሞ የሚታየው እባብ ብቸኝነት አይገባውም ብሎ መደምደም ቀርቷል ማለት ነው።

የነገሩ ከባድ ክፍል ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ውሻ ይታመናል፣ ድመት ትታከካለች። እባብ ግን አያመሰግንም፤ ጌታውን ቢለምደው እንኳ አይወደውም። ስለዚህ እባብን ማኖር ያለ ብድራት የመስጠት ፈተና ነው። ጥሩ መደበቂያ ያገኘ እባብ ብዙውን ሰዓት አይታይም። ባለቤቱ ደግሞ ገንዘብና ጉልበት ያፈሰሰው ለማየት ነው። መደበቂያውን ቢያነሣው ያየዋል፤ እባቡ ግን በጭንቀት ይኖራል። ቢተወው ባዶ የሚመስል ሣጥን ይመለከታል። እዚህ ላይ ሁለቱን የሚያስታርቅ ጌጥ የለም፤ አንደኛው መቅረት አለበት።

በዚህ በደቡብ ሱዳን ምድር ሌላ መንገድ ነበር፤ አለም። ጎድፍሬይ ሊንሃርት በ1961 በታተመው መጽሐፉ ስለ ዲንካ ሃይማኖት እንደጻፈው፣ አንዳንድ ጎሳዎች የተለያዩ እንስሳትን፣ ከእነዚህም መካከል እባቦችን፣ ከዘር ሐረጋቸው ጋር ያስተሳስራሉ፤ ያከብራሉ እንጂ አይገድሉም። ቅቤ የመቀባትም ልማድ አለ። ሣጥን ግን የለም። እባቡ ይመጣል፣ ይከበራል፣ ይሄዳል። መከበሩ መያዙን አላስፈለገውም።

ይህን ብሎ በሙኑኪ ዱላ ያነሣውን ሰው መኮነን ግን ቀላል ጽድቅ ነው። የፈረንሳዩ ሳኖፊ ኩባንያ ለአፍሪካ እባቦች ይሠራው የነበረውን ፋቭ-አፍሪክ የተባለ መድኃኒት ማምረት በ2014 አቆመ፤ የመጨረሻው ክምችት በ2016 ጊዜው አለፈበት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቀድመው ቢያስጠነቅቁም ሰሚ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 ነው። በጎርፍ ዘመን በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰውና በመስታወት ጀርባ እባቡን የሚያደንቅ ሰው ስለ አንድ ፍጡር አይነጋገሩም። ርኅራኄም መድኃኒት በቅርብ ሲኖር ይረክሳል።

የኢትዮጵያ እባብም ከዚህ ታሪክ አላመለጠም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ደኖች ብቻ የሚገኝ አንድ እፉኝት አለ፤ ሊቃውንቱ በላቲን «ትንሽ ዓይን» ብለው ሰይመውታል። የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ እፉኝት ከባሌ ተራሮች ተገኝቶ በ2016 በሐረና ጫካ ስም ተሰየመ። ባለ ትንሽ ዓይኑ ዛሬ በአሜሪካ በሰብሳቢዎች ሣጥን ይራባል። ያገሩን ደን የሚመስል ቅጠልም ሳይደረግለት አይቀርም።

በተከራየው ክፍል ግድግዳ ላይ የፋሲል ግንብን ሥዕል የሰቀለ፣ እሑድ እሑድ ቄጠማ ጎዝጉዞ ቡና የሚያፈላ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል። እርሱም አገሩን የሚመስል ነገር አበጅቷል። ልዩነቱ ግን ጥቂት አይደለም፦ ሥዕሉን የሰቀለው ራሱ ነው፤ የበሩም ቁልፍ በኪሱ ነው።

በሙኑኪ ማንም ያላስጌጠው የእባብ ቤት አለ። በአጥሩ ጥግ የተከመረው ጡብ፣ በላዩ የተጣለው አሮጌ ቆርቆሮ፣ ከሮቶው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ፣ ከጓዳ እህል የሚሰርቀው አይጥ። ቆርቆሮው ጠዋት ይሞቃል፣ የጡቡ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ መደበቂያው በየጫፉ ነው፤ መጽሐፍ ያነበበ ባለሣጥን ከዚህ የተሻለ አያሰናዳም። ግንብ ሊሠራ ያሰበው ባለቤት አንድ ቀን ጡቡን ሊያነሣ ይመጣል። እጁን ከመስደዱ በፊት ክምሩን በረጅም እንጨት ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ጥቂት ይጠብቃል።